ሠራተኛ ሲለቅ ሒሳቡን ማን ይከፍላል? ድርጅቱ የሚከስረውና ሠራተኛው የሚያጣው

በሬሆቮት ከሚኖሩ ወገኖቻችን ውስጥ "ስንት ዓመት ሠራህ?" ተብሎ ሲጠየቅ "15 ዓመት" የሚል፣ "በአንድ ቦታ ነው ወይ?" ሲባል ደግሞ "አይደለም፣ በስምንት ቦታ" ብሎ የሚመልስ ሰው ማግኘት አያስቸግርም። ይህ ሰው ሥራ ፈትቶ አያውቅም። በየማለዳው ተነስቶ ወደ ፋብሪካው፣ ወደ መጋዘኑ ወይም ወደ ጽዳት ሥራው ይሄዳል። ነገር ግን በገባበት ሁሉ አዲስ ሰው ነው። በዕብራይስጥ ቬቴክ የሚባለው የአገልግሎት ዘመን የለውም።

በሌላ በኩል ያሉት አሠሪዎችም "ሠራተኛ አይቆይልንም" እያሉ ያማርራሉ። ሁለቱም ወገኖች እየከሰሩ ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ የኪሳራውን መጠን ቁጭ ብሎ የሚያሰላው የለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን ሠራተኛ በለቀቀና በተተካ ቁጥር ድርጅቱ ምን ያህል እንደሚያወጣ፣ ሠራተኛው ምን እንደሚያጣ፣ ሕጉ ምን እንደሚል፣ እንዲሁም ሁለቱም ወገኖች ምን ማድረግ እንደሚችሉ ለማስረዳት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናሳውቃለን።

የሠራተኛ ፍልሰት ማለት ምን ማለት ነው?

በአማርኛ የሠራተኛ ፍልሰት፣ በዕብራይስጥ ታሕሉፋት ኦቭዲም የሚባለው ሠራተኞች አንድን ድርጅት እየለቀቁ በሌሎች መተካታቸው ነው። የሚለካውም በቀላል ስሌት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የለቀቁትን ሰዎች ቁጥር በዓመቱ ውስጥ በአማካይ ለነበሩት ሠራተኞች ቁጥር እናካፍላለን፣ ከዚያም በ100 እናባዛለን። ለምሳሌ 80 ሠራተኞች ካሉት ፋብሪካ በዓመት 40 ሰዎች ከለቀቁ ፍልሰቱ 50 በመቶ ነው ይባላል።

ይህ ማለት ግን ከሠራተኞቹ ግማሾቹ ሁሉ ተለውጠዋል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ 60ዎቹ ለዓመታት ሳይነቃነቁ ሲሠሩ በቀሩት 20 ቦታዎች ላይ ሰዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈራረቃሉ። ስለዚህ አንድ አስተዳዳሪ "ስንት ሰው ለቀቀ?" ብሎ ብቻ ሳይሆን "ከየትኛው ክፍል፣ ከየትኛው ተረኛ፣ ከየትኛው አለቃ ሥር ለቀቀ? ስንት ወር ቆይቶስ ለቀቀ?" ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። በሽታው የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

ፍልሰት ሁሉ መጥፎ ነው ማለትም አይቻልም። ጡረታ የሚወጣ አለ፣ ተምሮ ወደ ተሻለ ሥራ የሚሄድ ወጣት አለ፣ ለሥራው የማይሆን ሰውም አለ። ጉዳት የሚያመጣው መቆየት የሚፈልግና መቆየትም የሚገባው ሰው ሲሄድ ነው።

ድርጅቱ የማያየው ወጪ

በድርጅቱ የሒሳብ መዝገብ ላይ "ሠራተኛ በመልቀቁ የወጣ ወጪ" የሚል መስመር አይገኝም። ወጪው በተለያዩ ቦታዎች ተበታትኖ ስለሚገባ ማንም አያየውም። በዝርዝር ሲታይ ግን የሚከተለውን ይመስላል።

1. የመሰናበቻ ወጪ። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይከፈላል። ሠራተኛው ከተባረረና መብቱ ከደረሰ የስንብት ካሳ፣ በዕብራይስጥ ፒጹዪ ፒቱሪም፣ ይኖራል። የሒሳብና የሠራተኛ ጉዳይ ክፍሎች ወረቀቱን ለመጨረስ የሚያጠፉት ሰዓትም አለ።

2. ቦታው ባዶ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ። ሥራው ስለማይቆም የቀሩት ሠራተኞች ትርፍ ሰዓት ይሠራሉ። በእስራኤል ሕግ በቀን ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የትርፍ ሰዓቶች 125 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ደግሞ 150 በመቶ ይከፈልባቸዋል።

3. አዲስ ሰው የመፈለግ ወጪ። ማስታወቂያ፣ ቃለ መጠይቅ፣ የጤና ምርመራ፣ ለሠራተኛ አቅራቢ ኩባንያ የሚከፈል ገንዘብ ሁሉ እዚህ ይገባል።

4. የማሠልጠኛ ወጪ። አዲሱ ሰው እየተማረ ደመወዝ ይበላል። የሚያስተምረው ነባር ሠራተኛም የራሱን ሥራ አቁሞ ነው የሚያስተምረው።

5. ስሕተት፣ ብክነትና አደጋ። ማሽኑን የማያውቅ ሰው ዕቃ ያበላሻል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ራሱን ሊጎዳ ይችላል።

6. በገንዘብ የማይለካው። የለቀቀው ሰው የትኛው ማሽን በጠዋት እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ደንበኛ ምን እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር። ያ ዕውቀት አብሮት ይሄዳል። የቀሩትም "እኛስ ምን እንጠብቃለን?" ማለት ይጀምራሉ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንስጥ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል ያስቀመጥናቸው ናቸው፤ እያንዳንዱ ድርጅት በራሱ ቁጥር ሊተካቸው ይችላል። በሰዓት 40 ሼቄል የሚከፈለው፣ በወር 182 ሰዓት የሚሠራ የማሸጊያ ሠራተኛ ለቀቀ እንበል። ወርኃዊ ደመወዙ 7,280 ሼቄል ነበር። ቦታው ለሁለት ሳምንት፣ ማለትም ለ84 ሰዓት፣ በሌሎች ትርፍ ሰዓት ተሸፈነ። የ25 በመቶው ጭማሪ ብቻ 840 ሼቄል ይሆናል። ማስታወቂያውና ቃለ መጠይቁ 1,000 ሼቄል ፈጀ። አንድ ነባር ሠራተኛ በሰዓት 45 ሼቄል እየተከፈለው 40 ሰዓት አስተማረው፤ ይህ 1,800 ሼቄል ነው። አዲሱ ሰው በመጀመሪያው ወር የሚጠበቅበትን ግማሽ ብቻ ሠራ፤ ስለዚህ ከደመወዙ 3,640 ሼቄል ሥራ ሳይገኝበት ወጣ። ለተበላሸ ዕቃ 500 ሼቄል እንጨምር። ድምሩ 7,780 ሼቄል ነው። አንድ ሰው ሲተካ ከአንድ ወር ደመወዝ በላይ ወጣ ማለት ነው።

ከላይ በጠቀስነው ባለ 80 ሠራተኛ ፋብሪካ በዓመት 40 ሰዎች ቢለቁ ወጪው 311,200 ሼቄል ይደርሳል። የሚለቁትን ወደ 20 ማውረድ ቢቻል 155,600 ሼቄል ይተርፋል። ይህ ገንዘብ ለ80ዎቹ ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ በወር 162 ሼቄል ያህል ነው። ብዙ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ግን "ደመወዝ ለመጨመር፣ ሰርቪስ ለማቆም፣ የተረኛ ሰዓት ለማስተካከል ገንዘብ የለንም" የሚል ድርጅት ያንኑ ገንዘብ በሌላ በር እያወጣው መሆኑን ያሳያል።

ከዓለምና ከአገር ቤት የተገኘ ትምህርት

በዚህ ጉዳይ በዓለም ላይ በብዛት የሚጠቀሰው ታሪክ የአሜሪካው የፎርድ መኪና ፋብሪካ ነው። በ1913 ፋብሪካው 14,000 ያህል ሠራተኞችን በቦታቸው ለማቆየት በዓመቱ ውስጥ ከ52,000 በላይ ሰዎች መቅጠር ነበረበት። ፍልሰቱ 370 በመቶ ደርሶ ነበር። ምክንያቱም መኪና እየተጎተተ የሚገጣጠምበት አዲሱ አሠራር አሰልቺና አድካሚ ስለነበር ነው። በጥር 1914 ሄንሪ ፎርድ የቀኑን ክፍያ ከ2 ዶላር ከ34 ሳንቲም ገደማ ወደ 5 ዶላር ከፍ አደረገ፣ የሥራ ቀኑንም ከ9 ሰዓት ወደ 8 ሰዓት አሳጠረ። ፍልሰቱ በ1914 ወደ 54 በመቶ፣ በ1915 ደግሞ ወደ 16 በመቶ ወረደ። ነገሩ ግን ቸርነት ብቻ አልነበረም። የጭማሪው ክፍያ የሚሰጠው የኩባንያው ተቆጣጣሪዎች የሠራተኛውን ቤትና ኑሮ አይተው ሲፈቅዱለት ብቻ ነበር። ያም ሆኖ ሠራተኛ የሚቆየው የሚያቆየው ነገር ሲያገኝ መሆኑን ፎርድ በቁጥር አሳይቷል።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ በ2016 የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እናገኛለን። ከዙሪያው ገጠር የመጡ ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች ልብስ ስፌት ላይ ተቀጠሩ። በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ዘገባ እንደሚያስረዳው መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ያህል ነበር፤ በመጀመሪያው ሙሉ የሥራ ዓመት ፍልሰቱ 100 በመቶ ገደማ ደርሷል። ደመወዙ የቤት ኪራይና ምግብ አልሸፍን ስላለ ልጆቹ ሥራውን እየተዉ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ፋብሪካዎቹም መርፌ መያዝ ያስተማሯትን ልጅ አጥተው ሌላዋን ከመጀመሪያው ማስተማር ጀመሩ።

ከዚያ ቀደም ብሎ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ምሁራን በኢትዮጵያ ባሉ አምስት ድርጅቶች ሥራ ለመግባት ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለው ነበር። በ2018 ባሳተሙት ጥናት መሠረት ሥራውን ካገኙት ውስጥ ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ በዓመት ውስጥ ከፋብሪካ ሥራ ወጥተዋል። ሥራው ለጤና የሚያሰጋ፣ ክፍያው ደግሞ በሌላ መንገድ ከሚገኘው ገቢ የማይበልጥ ነበር። "ሰዎቻችን ሥራ አይወዱም" ለሚሉ ይህ በቂ መልስ ይመስለናል። የለቀቁት ሒሳባቸውን ሠርተው ነው።

በራሷ በሬሆቮትም ይህ ጉዳይ አዲስ አይደለም። ከተማዋ በ1890 ስትመሠረት የእርሻ መንደር ነበረች። በሁለተኛው ዓሊያ ዘመን ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት ወጣት ሠራተኞች ከመንደር ወደ መንደር ይዘዋወሩ ስለነበር በእርሻው ላይ የሚቆይ ሰው ተፈለገ። በ1911 ሽሙኤል ያቭኔኤሊ ወደ የመን ተልኮ አይሁዶችን ለእርሻ ሥራ እንዲመጡ ቀሰቀሰ። ከየመን የመጡት ቤተሰቦች በሬሆቮት ሻዓራይም የተባለውን ሰፈር አቋቋሙ። ከእነሱ የተጠበቀው ጸንተው እንዲቆዩ ነበር፤ የሚከፈላቸው ግን ከአውሮፓ ከመጡት ያነሰ ነበር። ከእኛ በፊት የመጡት ያዩትን ማወቅ ጥሩ ነው። "ቆይ" የሚል አሠሪ የመቆያውን ዋጋም ማቅረብ አለበት።

ሠራተኛው የሚያጣው

እስካሁን ያየነው የድርጅቱን ኪሳራ ነው። በእስራኤል ግን ብዙ የሠራተኛ መብቶች እንደ ፍሬ በጊዜ የሚበስሉ ስለሆኑ ቶሎ ቶሎ ቦታ የሚቀይር ሰው ሳይበስሉ ይቀራሉ። ዋና ዋናዎቹን እንመልከት።

የስንብት ካሳ። በ1963 በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ዓመት በተከታታይ ሠርቶ የተባረረ ሰው ለእያንዳንዱ የሥራ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ያገኛል። ዓመት ሊሞላው ሲል የተባረረ ሰው ደግሞ አሠሪው ሌላ ምክንያት ካላስረዳ በስተቀር ካሳውን ለማስቀረት እንደተባረረ ይቆጠራል። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው በመደበኛው ካሳ የለውም፤ ሆኖም የሥራ ሁኔታው በግልጽ ከተበላሸበት፣ በሕመም ምክንያት ከለቀቀ ወይም ወላጅ ሆኖ ልጁን ለመንከባከብ ልጁ በተወለደ በ9 ወር ውስጥ ከለቀቀ እንደተባረረ ሊቆጠር ይችላል።

የሃቭራአ ክፍያ። ይህ መብት የሚጀምረው አንድ ዓመት ከሞላ በኋላ ነው። በአጠቃላዩ ደንብ ለመጀመሪያው ዓመት 5 ቀን፣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው 6 ቀን፣ ከአራተኛው እስከ አሥረኛው 7 ቀን ይታሰባል። በ2023 የግሉ ዘርፍ የአንድ ቀን ክፍያ 418 ሼቄል ሆኗል። በዚህ ሒሳብ ስድስት ዓመት በአንድ ቦታ የቆየ ሰው 38 ቀን፣ ማለትም 15,884 ሼቄል ይደርሰዋል። በየ10 ወሩ ቦታ የቀየረ ሰው ግን ስድስቱንም ዓመት ሠርቶ ምንም አያገኝም።

የሕመም ቀናት። ሠራተኛ በወር አንድ ቀን ተኩል፣ በዓመት 18 ቀን ያጠራቅማል። በአምስት ዓመት ጣሪያው 90 ቀን ይሞላለታል። ሥራ ሲለቅ ግን የተጠራቀመው አብሮት አይሄድም፣ በሕጉም በገንዘብ አይቀየርም። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ላለ፣ ወገቡን ወይም ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጡረታ። ከ2008 ጀምሮ የጡረታ ቁጠባ ግዴታ ሆኗል። ከ2017 ወዲህ ዝቅተኛው መዋጮ ከሠራተኛው 6 በመቶ፣ ከአሠሪው ለጡረታ 6.5 በመቶ እና ለካሳ 6 በመቶ ነው። ከዚህ በፊት የጡረታ ቁጠባ ያልነበረው ሰው መብቱ የሚጀምረው ከስድስት ወር ሥራ በኋላ ነው። ቁጠባ ያለው ሰው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታሰብለታል፤ አሠሪው ገንዘቡን ከሦስት ወር በኋላ ወይም የግብር ዓመቱ ሲያልቅ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በመጣው ጊዜ ወደ ኋላ አስልቶ ያስገባል። ስለዚህ አዲስ ሥራ ሲጀመር "ከዚህ በፊት የከፈትኩት ፔንሲያ አለኝ" ብሎ ወረቀቱን ማቅረብ ያስፈልጋል። ዝም ያለ ሰው የስድስት ወር መዋጮ ሊቀርበት ይችላል። በተጨማሪም በየሥራው መጨረሻ ለካሳ የተቀመጠውን ገንዘብ እያወጡ መብላት እርጅና ላይ የሚገኘውን ጡረታ እንደሚያሳንስ ልናስታውስ እንወዳለን።

የሥራ አጥነት አበል። ብሔራዊ ኢንሹራንስ፣ ቢቱአሕ ሌኡሚ፣ አበሉን ለመስጠት በመደበኛው ሁኔታ ባለፉት 18 ወራት ውስጥ 12 ወር የተሠራ መሆኑን ይጠይቃል። ያለ በቂ ምክንያት በፈቃዱ የለቀቀ ሰው ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት አያገኝም። በብስጭት "ነገ አልመጣም" ብሎ የሚወጣ ሰው የሦስት ወር አበል ጥሎ ነው የሚወጣው።

በሠራተኛ አቅራቢና በተቋራጭ በኩል ለሚሠሩ

ብዙ ወገኖቻችን የተቀጠሩት በሚሠሩበት ድርጅት ሳይሆን በሠራተኛ አቅራቢ ኩባንያ (ኮአሕ አዳም) ወይም በጽዳትና በጥበቃ ተቋራጭ (ቀብላን) በኩል ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ሕጋቸውም ይለያያል።

በ1996 የወጣውና በ2000 የተሻሻለው የኮአሕ አዳም ሕግ አንድ ሠራተኛ በአቅራቢ ኩባንያ በኩል በአንድ ድርጅት ከ9 ተከታታይ ወር በላይ እንዳይሠራ ይከለክላል። ከ9 ወር በኋላ ከቀጠለ የድርጅቱ የራሱ ሠራተኛ ሆኖ ይቆጠራል። ይህ አንቀጽ በሥራ ላይ የዋለው በ2008 ነው። የሕጉ ዓላማ ጊዜያዊ ሠራተኛ ቋሚ እንዲሆን ነበር። ነገር ግን አንዳንድ ቦታ ሠራተኛው ስምንተኛው ወር ላይ "ሥራ የለም" ተብሎ ሲሸኝና በቦታው ሌላ ሰው ሲገባ ይታያል። ሠራተኛው ቋሚነቱን ሲያጣ ድርጅቱም ያሠለጠነውን ሰው ያጣል። ጥቂት ወር አስወጥቶ መልሶ ማስገባትም ቆጠራውን ከመጀመሪያው አያስጀምርም፤ ማቋረጡ ከ9 ወር ካልበለጠ ሕጉ ጊዜውን እንደ ተከታታይ ያየዋል።

በጽዳትና በጥበቃ ላይ የ9 ወሩ ሕግ አይሠራም። እዚያ ያለው ችግር ጨረታ ነው። ሠራተኛዋ በአንድ ሕንፃ ለዓመታት ስታጸዳ ጨረታው ሲለወጥ የአሠሪዋ ስም ይለወጣል፣ አዲሱ ተቋራጭም እንደ አዲስ ሰው ሊመዘግባት ይሞክራል። የካሳ ሕጉ ግን "በአንድ አሠሪ ወይም በአንድ የሥራ ቦታ" የተሠራውን ዓመት ነው የሚቆጥረው። የተቋራጩ ስም ተለወጠ ተብሎ የሠራችበት ዘመን አይሰረዝም። ስለዚህ የጥንቱንም የአዲሱንም የደመወዝ ወረቀት፣ ትሉሽ፣ አንድ ሳይጥሉ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ማስረጃው እሱ ነው።

በማኅበረሰባችን አገልግሎት ላይ የሚደርሰው ጉዳት

የሠራተኛ መፈራረቅ በፋብሪካ ብቻ የሚታይ አይደለም። በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያ፣ በማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ለወላጆችና ለአረጋውያን የሚያስተረጉሙና መንገድ የሚያሳዩ አገናኞች፣ መጋሽሪም፣ ብዙ ጊዜ የሚቀጠሩት በፕሮጀክት በጀት ነው። በጀቱ ለአንድ ዓመት ከሆነ ሥራቸውም ለአንድ ዓመት ነው። በጀቱ እስኪታደስ ወራት ሲያልፍ ሠራተኛው ኑሮውን ለመምራት ሌላ ሥራ ይይዛል።

ይህን ኪሳራ በሼቄል ማስላት ያስቸግራል። በቂርያት ሞሼ ያለች አንዲት አያት ሕመሟን ለማያውቁት ሰው በአንድ ቀን አትናገርም። ከአገናኟ ጋር ስትለማመድ ወራት ይወስዳል። አገናኟ ስትለወጥ አያቲቱ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር አለባት፤ ሦስተኛዋ ስትመጣ ደግሞ ጭራሽ ዝም ትላለች። በየጊዜው እየተነቀለ የሚተከል ችግኝ ሥር እንደማይሰድ ሁሉ፣ ሰው በየዓመቱ የሚለዋወጥበት አገልግሎትም በሕዝብ ልብ ውስጥ ሥር አይሰድም። ገንዘብ የሚመድቡ ክፍሎች "ስንት ሰው አገለገላችሁ?" ብለው እንደሚጠይቁት ሁሉ "ያገለገለው ሰው ስንት ዓመት ቆየ?" ብለው ቢጠይቁ ጥሩ ነው።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ አሠሪ ለሆኑ፣ የቡድን ኃላፊ ለሆኑና የራሳቸውን ንግድ ለከፈቱ ወገኖቻችን የሚከተለውን እንመክራለን።

ሀ. ሒሳቡን ሥሩት። ከላይ ያሳየነውን ስሌት በራሳችሁ ቁጥር ሙሉት። በወረቀት ላይ ያልታየ ወጪ አይቀነስም።

ለ. የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚለቀው በጅምሩ ነው። አዲሱን ሰው የሚያውቀው ቋንቋ ካለው ነባር ሠራተኛ ጋር ማጣመር ብዙ ወጪ የለውም።

ሐ. የሥራ ሁኔታውን በጽሑፍ ስጡ። በ2002 የወጣው ሕግ አሠሪ ለሠራተኛው የሥራ ሁኔታውን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። "እንዲህ ብለኸኝ ነበር፣ አላልኩም" የሚለው ክርክር ብዙ ሰው አስለቅቋል።

መ. የሚለቀውን ሰው ጠይቁ። እንዳይፈራ ደመወዙ ሁሉ ከተከፈለው በኋላ ይሁን። ሦስት ሰዎች ስለ አንድ አለቃ ተመሳሳይ ነገር ከተናገሩ መልሱ ተገኝቷል።

ሠራተኛ ለሆኑት ደግሞ፦

ሀ. ከመልቀቃችሁ በፊት ቀኑን ቁጠሩ። ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ቀርቶ ከሆነ የሚቀርባችሁን አስሉ። የተሻለ ሥራ ከተገኘ ይህን ሁሉ አስልቶ መሄድ ነውር የለውም፤ ሳያሰሉ መሄድ ግን ያስቆጫል።

ለ. አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። በ2001 ሕግ መሠረት በወር ደመወዝ የሚሠራ ሰው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ለእያንዳንዱ ወር አንድ ቀን፣ ከሰባተኛው ወር እስከ ዓመቱ መጨረሻ 6 ቀን እና ከስድስተኛው ወር በኋላ ለተሠራው ለእያንዳንዱ ወር ሁለት ቀን ተኩል፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ ሙሉ አንድ ወር አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። በሰዓት ለሚሠሩ ቀኑ ይለያል። ግዴታው የሁለቱም ወገን ነው። ሳያሳውቅ የሄደ ሠራተኛ የእነዚያን ቀናት ደመወዝ ሊጠየቅ ይችላል።

ሐ. ሳትሰሙ አትፈርሙ። አሠሪ ከማባረሩ በፊት ሠራተኛውን ጠርቶ ማዳመጥ፣ ሺሙዓ ማድረግ አለበት። ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ የሚያስተረጉም ሰው ይዛችሁ እንድትቀርቡ ጠይቁ። "በፈቃዴ ለቅቄአለሁ" የሚል ወረቀት ላይ መፈረም ካሳውንም አበሉንም ሊያስቀር ይችላል።

መ. ስትወጡ ወረቀታችሁን ተቀበሉ። የሥራ ዘመናችሁን የሚያሳይ ደብዳቤ፣ ለካሳና ለጡረታ የሚያስፈልገው ፎርም 161፣ የመጨረሻው ትሉሽ በእጃችሁ ይግቡ።

ሠ. ዋጋችሁን እወቁ። አንድ ነባር ሠራተኛ በአዲስ ሲተካ ድርጅቱ ከወር ደመወዝ ያላነሰ ሊያጣ እንደሚችል አይተናል። ይህን የሚያውቅ ሰው ለጭማሪ ወይም ለተረኛ ለውጥ ሲጠይቅ እንደ ለማኝ አይቀርብም። "እኔ ብቆይ ለእናንተም ይሻላል" ብሎ በአክብሮት መናገር ይችላል።

በአጭሩ ሠራተኛና አሠሪ ሲለያዩ ሁለት ደረሰኝ ይጻፋል። የአሠሪው ደረሰኝ በሒሳብ መዝገቡ ውስጥ ተበታትኖ ይደበቃል። የሠራተኛው ደግሞ ከዓመታት በኋላ፣ ሲታመም ወይም ጡረታ ሲወጣ፣ በእጁ ይደርሰዋል። በዚያን ጊዜ ሒሳቡን ማስተካከል አይቻልም። ስለሆነም ወላጆቻችሁ፣ ጎረቤቶቻችሁ፣ አዲስ ሥራ የጀመሩ ልጆቻችሁ ሥራ ሊለቁ ሲያስቡ ይህን ጽሑፍ አንብቡላቸው። የተለየ ችግር የገጠመው ሰው ሳይፈርምና ሳይለቅ በፊት የሠራተኛ ማኅበር ወይም ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ቢሮዎችን እንዲያነጋግር እናሳስባለን።

መልካም የሥራ ዘመን ይሁንላችሁ።